አሰልጣኝ ልቅጠር ወይስ ብቻዬን ልሥራ?

አያት ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጥያቄው መጀመሪያ የብር ነው። የግል አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ ከጂሙ ወርሃዊ ክፍያ በላይ ይጠይቃል። የታክሲው ሲጨመርበት ኪስ ይሳሳል።

ብቻን መሥራት በነጻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን የሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ ፈጠን ብሎ በመራመድም መሙላት ይቻላል። ችግሩ የንጋቱ ብርድ ነው፤ ብርድ ልብሱን የሚገፍፍልህ የለም። (በጣም ከማለድህ ደግሞ ጅቡም አለ።)

የአሰልጣኝ ጥቅም የሚታየው ብረት ስታነሳ ነው። እኔ ለወራት ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ስሠራ ተረከዜ ከመሬት ይነሳ ነበር። ጉልበቴን ሲያመኝ ጫማዬን እወቅሳለሁ። አሰልጣኙ ገና በመጀመሪያው ቀን አየው። ክብደቱን አስቀነሰኝና «ተረከዝህን መሬት ላይ ትከል» አለኝ። ዩቲዩብ ይህን አይነግርህም፤ አንተ ታየዋለህ እንጂ እሱ አንተን አያይህም።

ስለዚህ ለእግር ጉዞ ብር አላወጣም። ለብረት ግን አንድ ወር ከፍዬ አቋሜን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ በራሴ እቀጥላለሁ። ደም ግፊት ወይም የቆየ ጉዳት ያለበት ግን ከሁለቱም በፊት ሐኪም ቢያይ ይሻለዋል።