ስትራይፐር፣ «ቱ ሄል ዊዝ ዘ ዴቭል»፦ በገና ለለመደ ጆሮ የሚሆን ሄቪ ሜታል

ደብረ ብርሃን ላይ ሄቪ ሜታል ሲባል ብዙ ሰው ጩኸትና ጥቁር ልብስ ነው የሚታየው። መንፈሳዊ ነው ሲባልማ ይስቃል። የካሊፎርኒያው ባንድ ስትራይፐር በ1986 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ አልበም ግን የሚሳቅበት ሥራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ፕላቲነም ደርሷል፣ ማለትም ሚሊዮን ቅጂ አልፏል፤ «ኦነስትሊ» የተሰኘው ዘፈኑም በአሜሪካው የዘፈኖች ደረጃ፣ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ፣ 23ኛ ወጥቷል። የርዕሱ ሐሳብ «ዲያብሎስ ገደል ይግባ» ነው። የባንዱ ቢጫና ጥቁር ሰንበር ኢሳይያስ 53፥5ን («በእርሱም ቁስል እኛ ተፈወስን») ይዞ የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛው «ስትራይፕ» ሰንበርም የግርፋት ቁስልም ነው፤ ጥቅሱ ዓርማቸው ላይም ተጽፏል።

ጊታሩ የሚሻክረው አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ስለሚቆረጥ ነው፤ በዋናው ኖታ ላይ ሌሎች ድምፆች ይደረባሉ። በዐቢይ ጾም በገና ሲደረደር የሰማ ሰው ይህ አይከብደውም። በገና ላይ ከእያንዳንዱ አውታር ሥር የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ አውታሩ ሲርገበገብ እየነካችው ያንን ነዛሪ ድምፅ ታወጣለች። እንዚራው የሌለው በገና ድምፁ ባዶ ነው፤ ዲስቶርሽን፣ ማለትም ያ የጊታር መሻከር፣ የሌለው ሜታልም እንደዚያው። ልዩነቱ በገናው ንስሐ ያስገባል፣ ይሄኛው ያስፎክራል።

አዲስ ሰሚ በርዕሱ ዘፈን ባይጀምር ይሻላል፤ የዘፋኙ የማይክል ስዊት ቀጭን ጩኸት ላልለመደው ያስደነግጣል። በ«ኮሊንግ ኦን ዩ» ይጀምር፤ አዝማቹ ሰፊ ነው፣ ድምፆቹ ተደራርበው ይገባሉ፣ ግጥሙም ቀጥተኛ ጸሎት ነው። ቀጥሎ «ፍሪ»። ከዚያ የመጨረሻውን «ሞር ዛን ኤ ማን» ይክፈት፤ የአልበሙ ምርጥ ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣው የጊታር ሐረግ) እዚያ ነው፣ ማይክልና ኦዝ ፎክስ በጊታር ሲቀባበሉም በደንብ ይሰማል። «ኦነስትሊ» በፒያኖ የሚሄድ ለስላሳ ዘፈን ነው፤ እግዚአብሔርን በስም ስለማይጠራ ሠርግ ላይም ያስኬዳል። «ኦል ኦፍ ሚ» ስኳሩ በዝቷል። «ሲንግ አሎንግ ሶንግ» ለመድረክ የተሠራ ነው፤ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚያዳምጥ ሰው ቢያልፈው አይጎዳም።

ድክመቱ ቤዙ፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ የሚያወጣው ጊታር፣ ላይ ነው። የባንዱ ፎቶ ላይ ያለው ቲም ጌይንስ ቢሆንም በቀረጻው ቤዝ የመታው ብራድ ኮብ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። በዚያ ዘመን ልማድ ከበሮው በሪቨርብ (በሰው ሠራሽ ማስተጋባት) ተነፍቶ ቤዙ ወደ ኋላ ተገፍቷል። መኪና ውስጥ ጭራሽ ይጠፋል፤ ጣርማበርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን ሲወርዱ የሞተሩ ጉምጉምታ እዚያው ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ስለሚያርፍ ይሸፍነዋል። «ባስ ቡስት» የሚለውን መጫን መፍትሔ አይሆንም፤ የጊታሩንም የታች ድምፅ አብሮ ስለሚያነሳ ሁሉም ይድበሰበሳል። በኢኳላይዘር (የድምፅ ማስተካከያው) ከ60 እስከ 100 ኸርዝ ያለውን ብቻ በ3 ዴሲቤል ከፍ፣ 3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ያለውን በ2 ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ባለ አንድ ድምፅ ማውጫ የብሉቱዝ ስፒከር ግራና ቀኙን ስለሚያቀላቅል የጊታሮቹ ቅብብል ይጠፋል፤ ከእሱ ተራ ባለ ገመድ ኢርፎን ይሻላል።

ሚሞሪ ወይም ፍላሽ ላይ የሚያስጭን ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ የፋይሉ ጥራት በሰከንድ 320 ወይም ቢያንስ 192 ኪሎ ቢት ይሁን። ከ128 በታች ሲሆን መጀመሪያ የሚበላሸው የከበሮው ሳህን ነው፤ ጥርት ብሎ መጮህ ሲገባው እንደሚፈስ ውሃ ይንሿሿል። ሁለተኛ፣ ከዘፈኖቹ ስም ፊት 01፣ 02 እየተባለ እስከ 11 ቁጥር ይግባ። ካልገባ ስልኩ በፊደል ተራ ይደረድራቸዋል፤ «አቢስ» የሚባለው አስፈሪ መግቢያ ይከፈትና ዲያብሎስን ከሚገፋው የርዕሱ ዘፈን ጋር በመያያዝ ፈንታ ለስላሳውን «ኦል ኦፍ ሚ» ይዞ ይመጣል፤ የርዕሱ ዘፈን መጨረሻ ላይ ይቀራል። አንዳንድ የመኪና ቴፕ ደግሞ የሚያጫውተው በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ አንድ በአንድ በተራ መገልበጥ ያዋጣል። ሙሉው 40 ደቂቃ ገደማ ነው።

መዝሙር ፈልጎ ለሚመጣ ምእመን ግን ይህ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አይደለም፤ ለሰንበት ትምህርት ቤት ጉባኤም አይሆንም። ለሥራ ሰዓት፣ ለመንገድ፣ ለስፖርት ነው።

ዋናውን ቅጂ የሚፈልግ ሁለት ሽፋን ያገኛል፤ መጀመሪያ የወጣው መላእክት ዲያብሎስን ወደ እሳት ሲጥሉት ያሳያል፣ ውዝግብ ስላስነሳ የተተካው ደግሞ ጥቁር ነው። ዘፈኖቹ አንድ ናቸውና ሥዕሉን ሰብሳቢ ካልሆኑ ለመጀመሪያው ተጨማሪ ብር አይክፈሉ።