የስታንሊ የእንፋሎት መኪና ወይስ የፎርድ ሞዴል ቲ?

መንታዎቹ የስታንሊ ወንድማማቾች በማሳቹሴትስ የሠሩት የእንፋሎት መኪና እ.ኤ.አ. በ1906 በሰዓት 205 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ በቤንዚን የሚሄደው የፎርድ ሞዴል ቲ ገና አልተወለደም ነበር።

አነሳስ፦ የስታንሊ ባለቤት ውሃውን የሚያፈላውን ማቃጠያ ለኩሶ፣ የእንፋሎት ግፊት መለኪያው መርፌ እስኪወጣ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል። የፎርዱ ባለቤት ከፊት ያለውን የብረት እጀታ ያሽከረክራል፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ከመለሰበት ግን ክንዱ ሊሰበር ይችላል።

አነዳድ፦ ስታንሊ ማርሽ አያስቀይርም፣ ድምፁም እምብዛም አይሰማም፤ በዚህ ረገድ ፎርድ አይደርስበትም። ውሃ ግን ቶሎ ቶሎ ይጠማዋል።

ዋጋ፦ ሞዴል ቲ በ1908 ከነበረበት 850 ዶላር በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 በታች ወረደ። በጥቂቱ የሚመረተው ስታንሊ ይህን ሊከተል አልቻለም፤ የኤሌክትሪክ ማስነሻም የቤንዚን መኪናን የእጀታ ጣጣ ስላስቀረለት፣ ኩባንያው በ1924 ሥራውን አቆመ።

ስለዚህ ጸጥታን ለሚወድና ጊዜ ለተረፈው ባለጠጋ ስታንሊ ይስማማው ነበር፤ ሌሊት ለሕመምተኛ ለሚጠራ የገጠር ሐኪም ግን ፎርድ።