የኪስ ላክቴት መለኪያ ለድንገተኛ ክፍል፦ ቁጥሩ ፈጠነ፣ መድኃኒቱስ?

ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሰውነትን አካላት ሥራ የሚያቃውስበት ሁኔታ) ለተጠረጠረበት ሕመምተኛ ላክቴት፣ ማለትም ሰውነት ሲጨነቅ በደም ውስጥ የሚጨምር ንጥረ ነገር፣ እንዲለካ ሲታዘዝ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ደርሶ ውጤቱ እስኪመለስ አንድ ሰዓት በቀላሉ ያልፋል። ሾክ ውስጥ ለገባ፣ ማለትም ደም ለአካላቱ በበቂ መድረስ ላቃተው ሰው ደግሞ አንቲባዮቲኩ መጀመር ያለበት በዚያው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። በእጅ የሚያዘው ላክቴት መለኪያ የሚሸጠው ይህን ጥበቃ ለማስቀረት ነው። አጠቃቀሙ ከስኳር መለኪያው አይለይም፦ ስትሪፕ መሰካት፣ ጠብታ ደም ማስነካት፣ ቁጥር ማንበብ። በፍጥነት በኩል አይታማም። ቁጥሩ የሚታመነው ግን ደሙ በወጉ ከተወሰደ ነው፤ ሕይወት የሚያተርፈው ደግሞ ቀጣዩ እርምጃ አጠገቡ ከተዘጋጀ።

ለሕክምና ተቋም ከተሠሩት አንዱ፣ የኖቫ ባዮሜዲካል ስታትስትሪፕ ኤክስፕረስ፣ 0.6 ማይክሮሊትር ደም ይበቃዋል። በ13 ሰከንድ ከ0.3 እስከ 20 ሚሊሞል በሊትር ያነባል። ሄማቶክሪትንም (በደም ውስጥ ያለውን የቀይ ሴሎች ድርሻ) ራሱ ለክቶ ንባቡን ያስተካክላል፤ ደም ማነስ በሚበዛበት ክፍል ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአርክሬይ ላክቴት ፕሮ 2 ደግሞ 0.3 ማይክሮሊትር ወስዶ በ15 ሰከንድ ይጨርሳል፤ በይበልጥ የሚታወቀው ግን በስፖርተኞች ልምምድ ነው። ለሆስፒታል የሚገዛ ሰው ሄማቶክሪት የሚያስተካክለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ደሙ ከየት ይወሰድ? ሻጮች የሚያሳዩት ከጣት ጫፍ ነው። ሾክ ላይ ያለ ሰው ጣት ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ደም በደንብ አይደርሰውም። ጠብታ ለማግኘት ሲጨመቅ ከሕብረ ሕዋስ ፈሳሽ ጋር የተቀላቀለ ደም ይወጣና ንባቡን ያሳስታል። ላብም አለ፤ በላብ ውስጥ ያለው ላክቴት ከደሙ እጅግ ስለሚበልጥ በደንብ ያልተጠረገ ጣት ደህናውን ሰው የከፋበት ያስመስለዋል። ከሁሉ የሚሻለው ካኑላ (ቬን ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ሲገባ በዚያው መርፌ በሲሪንጅ መቅዳት ነው። መጀመሪያ የካልቸር (በደም ውስጥ ያለ ተሕዋስ የሚያድግባቸው) ጠርሙሶቹ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር እየተደረገ ይሞላሉ፤ ከቀረው አንድ ጠብታ ለላክቴት፣ አንድ ለስኳር፣ የተረፈው ለሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ለክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)። ቱርኒኬቱ ታስሮ ብዙ አይቆይ፤ ጠብታውም ወዲያው ይለካ። ቀይ የደም ሴሎች ሲሪንጅ ውስጥ ሆነውም ስኳር እየሰበሩ ላክቴት ማምረታቸውን አያቆሙምና፣ ሩብ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ የቆየ ደም ቁጥሩ ወደ ላይ ይሄዳል። ሪንገር ላክቴት የተባለው የደም ሥር ፈሳሽ እየገባበት ካለ ክንድ ፈጽሞ አይቀዳም፤ ከረጢቱ ውስጥ በሊትር 28 ሚሊሞል ገደማ ላክቴት አለ። የቬን ደም ከአርቴሪው ጥቂት ከፍ ይላል፤ ከ2 በታች ካነበበ ግን አርቴሪ መውጋት አያስፈልግም።

ከ2 በላይ ሲሆን ያሳስባል። 4 ከደረሰ የደም ግፊቱ ደህና ቢመስልም እንደ ሾክ መታየት አለበት። ይሁንና ላክቴት የኢንፌክሽን ምርመራ አይደለም። ገና ከሚጥል በሽታ የወጣ፣ ሳልቡታሞል (የአስም መድኃኒት) በብዛት የወሰደ፣ አድሬናሊን የተሰካለት፣ ጉበቱ የተጎዳ፣ ኩላሊቱ ደክሞ ሜትፎርሚን (የስኳር በሽታ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሁሉ ከፍ ያለ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ከወባማ ቆላ በመጣ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ላክቴት ከባድ ወባን ያሳስባል፤ የወባ ምርመራውና የከባድ ወባ መድኃኒቱ አርቴሱኔት መዘግየት የለባቸውም። በጣም የምንፈራው ግን ተቃራኒውን ስህተት ነው፦ በደቂቃ 30 ጊዜ የሚተነፍስና መዘባረቅ የጀመረ ሰው «ላክቴቱ 1.5 ነው» ተብሎ ወንበር ላይ እንዲጠብቅ ሲደረግ። ዝቅተኛ ቁጥር ሴፕሲስን አያስቀርም።

ከ13 ሰከንዱ በኋላ ሰዓቱ የሚባክነው በካርድ ክፍል፣ በክፍያ መስኮትና በፋርማሲ መካከል ነው፤ አስታማሚው ማዘዣ ይዞ ሲመላለስ። ስለዚህ መለኪያው ብቻውን ትሪያጅ (ሕመምተኞች በክብደታቸው የሚለዩበት) ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ለውጥ አያመጣም። አብሮት ሳጥን ያስፈልጋል፦ ሁለት አረንጓዴ ካኑላ፣ የካልቸር ጠርሙሶች፣ 2 ግራም ሴፍትሪያክሰን (አንቲባዮቲኩ) ከነማሟሟያው፣ ሲሪንጅ፣ የፈሳሽ መስጫ ገመድ፣ ሁለት ሊትር ሪንገር፣ ትንሽ ኖርማል ሳላይን። የመጀመሪያው መጠን ከሳጥኑ ይሰጣል፤ ክፍያውና መተኪያው በኋላ ይደርሳል። ሳጥኑ በየፈረቃው ተቆጥሮ መረካከብ አለበት፤ አለበለዚያ በሳምንቱ ባዶ ነው። አንድ ጥንቃቄ፦ ሴፍትሪያክሰን በሪንገር ውስጥ ካለው ካልሲየም ጋር ሲገናኝ ዝቃጭ ይሠራል። በተለያየ ካኑላ ይሰጥ፤ ካኑላው አንድ ከሆነ በሳላይን ታጥቦ ተራ በተራ። ለአራስ ሕፃን ሁለቱን መስጠት ጭራሽ ክልክል ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ኢንፌክሽን ለያዘው ሴፍትሪያክሰን ብቻውን አይበቃም። ሾክ ሳይኖር ሴፕሲሱም አጠራጣሪ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. የ2021 ዓለም አቀፍ መመሪያ ፈጥኖ ለማጣራት እስከ 3 ሰዓት ይሰጣል፤ ሁሉንም ሰው በአንድ ሰዓት አንቲባዮቲክ ማጥለቅለቅ አይጠበቅም።

ቁጥሩ 4 ሲል እጅ ወደ ፈሳሽ ይሮጣል። የተለመደው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 1.8 ሊትር መሆኑ ነው። ሉሳካ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ጥናት ግን መረሳት የለበትም። ግፊታቸው የወረደ 212 አዋቂዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው። ፈሳሽ፣ ግፊት ማንሻና ደም በፕሮቶኮል ቶሎ ከተሰጣቸው 48.1 በመቶ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት 33 በመቶ ሞቱ። ስለዚህ 500 ሚሊ ሊትር ሰጥቶ መቆም፣ ትንፋሽ መቁጠር፣ የሳንባውን ግርጌ ማዳመጥ፣ ኦክስጅኑን ማየት፤ ከዚያ ቀጣዩን መወሰን። ግፊቱ እምቢ ካለ ኖርአድሬናሊን በክርን መታጠፊያ ላይ ባለ ትልቅ ቬን ለአጭር ጊዜ ሊጀመር ይችላል፤ ማዕከላዊ መስመር (ልብ አጠገብ እስካለ ትልቅ ቬን የሚደርስ ቱቦ) እስኪገባ መጠበቅ የለበትም። ግቡ አማካይ የደም ግፊት 65 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው።

ለዚህ መሣሪያ እውነተኛው ተፎካካሪ ሌላ ብራንድ ሳይሆን የላቦራቶሪ መስታወት ስላይድ ነው። በቀኝ እጅ ሌባ ጣት ጫፍ በውስጥ በኩል ስላይዱን እስኪነጣ ተጭኖ ለ10 ሰከንድ መያዝ፣ ለቆ የቀድሞ ቀለሙ እስኪመለስ መቁጠር። ከ3 ሰከንድ ካለፈ ደም ወደ ዳር እየደረሰ አይደለም። የውስጥ በኩሉ ቆዳው ጠቆር ላለ ሰውም በግልጽ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 በላቲን አሜሪካ 5 አገሮች 424 የሴፕቲክ ሾክ ሕመምተኞች ላይ ሁለቱ ተወዳድረው፣ በ28 ቀን ውስጥ በጣት ከተመሩት 34.9 በመቶ፣ በላክቴት ከተመሩት 43.4 በመቶ ሞቱ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ለጥቂት አልጸናም፤ ጣቱ ከማሽኑ የባሰ ውጤት እንዳላመጣ ግን አሳይቷል። ሊሆን የሚችለው ምክንያት ይህ ነው፦ ላክቴት ሕመምተኛው እየተሻለውም ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፤ እሱን ያሳደደ ሰው ፈሳሽ ያበዛል። የደብረ ብርሃን ሌሊት ብርድ የመታው ጣት ግን ያሳስታልና መጀመሪያ እጁ ይሙቅ።

እንግዲህ ምክራችን፦ ላቦራቶሪው ሌሊት ለማይሠራበት ወይም ውጤት ለሚዘገይበት ድንገተኛ ክፍል ይገዛ፤ ለመጀመሪያው ውሳኔና ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ለሚደረገው ድጋሚ ልኬት። በመካከሉ በየ30 ደቂቃው ጣቱ ይበቃል። አይሲዩው (የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ) የደም ጋዝ ማሽን ካለውና ላክቴት ከለካ ሁለተኛ አያስፈልገውም።

ከመፈረሙ በፊት የሚታየው የስትሪፑ ዋጋ ነው፤ በቀን 5 ሕመምተኛ ሁለት ሁለት ጊዜ ቢለካ በወር 300 ስትሪፕ ይሄዳል፤ በእርዳታ የመጣ መለኪያ መሳቢያ ውስጥ የሚቀረውም በዚህ ነው። ብልቃጡ ሲከፈት ቀኑ ይጻፍበት፤ ክዳኑ ወዲያው ይዘጋ፤ እርጥበትና ሙቀት ስትሪፑን ያበላሹታል። የመቆጣጠሪያ ፈሳሹም በግዢ ዝርዝሩ ይግባ። አሃዱም ይታይ፦ 4 ሚሊሞል በሊትር ማለት 36 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ የክፍሉ መለኪያ በየትኛው እንደሚያነብ በመሣሪያው ጀርባ በፕላስተር ተጽፎ ይለጠፍ።