ጨጓራን በስቴፕል ማጥበብ ወይስ ቆርጦ ማሳነስ?

ክብደትን ለመቀነስ ከሚደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች መካከል ጨጓራን በስቴፕል (በትናንሽ የብረት ማያያዣዎች) ከፍሎ ማጥበብ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ በስፋት ይሠራበት ነበር፤ ዛሬ ግን ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉን አውጥቶ ቀሪውን እንደ ቀጭን ቱቦ የሚያስቀረው ዘዴ ይመረጣል።

በቀድሞው ዘዴ ተቆርጦ የሚወጣ አካል የለም፤ ሐኪሙ ከላይ በኩል ትንሽ ከረጢት ያበጅና መውጫውን በቀለበት ያጠብበዋል። ችግሩ የሚታየው ገበታ ላይ ነው። በደንብ ያልታኘከ አንድ ጉርሻ ሥጋ በጠባቡ መውጫ ተሰንቅሮ ሲያስመልስ፣ የቀለጠ አይስክሬምና ጣፋጭ መጠጥ ግን ያለ ችግር ያልፋሉ፤ ስለዚህ ታካሚው ሳያስበው ወደ ጣፋጩ ያዘነብላል፤ የስቴፕሉ መስመር ከተላቀቀ ደግሞ የቀነሰው ክብደት ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ሁለተኛው ዘዴም ስቴፕል ይጠቀማል፤ ነገር ግን ግሬሊን የተባለውን የረሃብ ሆርሞን በብዛት የሚያመነጨውን የጨጓራ ክፍል ስለሚያስወግድ፣ የሚበላውን መጠን ብቻ ሳይሆን የምግብ ፍላጎትን ጭምር ይቀንሳል። በእኔ እምነት ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው። ሆኖም የተቆረጠው ጨጓራ አይመለስም፤ ቃር የሚያሠቃየው ሰውም ሕመሙ ሊባባስበት ስለሚችል፣ ይህንኑ ለሐኪሙ አስቀድሞ እንዲነግር አደራ እላለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የቪታሚን ቢ12 መጠን በየጊዜው ይመረመራል።