የእንግሊዝ ቁልፍ ወይስ የቧንቧ መፍቻ?

አፉ የሚሰፋና የሚጠበው መፍቻ፣ ብዙዎች የእንግሊዝ ቁልፍ የሚሉት፣ መንጋጋው ለስላሳ ስለሆነ ባለ ስድስት ጎን ብሎንና ዳዶ ለመፍታት ይስማማል፤ የሚያብረቀርቀውን የውሃ መክፈቻም እምብዛም አይቧጭርም። ይሁን እንጂ አፉ በጥብቅ ካልተገጠመ ወይም ጉልበቱ በማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ካልተዞረ፣ ተንሸራትቶ የዳዶውን ማዕዘን ያሟልጠዋል (የጣትን ቆዳም አይምርም)።

የቧንቧ መፍቻ ጥርስ ያለው በመሆኑ፣ ማዕዘን የሌለውን ክብ ብረት በአንድ አቅጣጫ በተጫኑት መጠን አጥብቆ ይነክሳል። የግማሽ ኢንች የሚባለው ብረት ቧንቧ የውጭ ስፋቱ 21 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ 10 ኢንች ርዝመት ያለው መፍቻ ይበቃዋል፤ መጋጠሚያውን ለመያዝ ግን ሁለተኛ መፍቻ ያስፈልጋል። ጥርሱ ጠባሳ ይተዋል። ቧንቧ ለማይቀጥል ተከራይ የእንግሊዝ ቁልፉ ይቀድማል እላለሁ።