ባለ ትልቅ ፊደሉ ዳዊት፦ ውጤት ስጠብቅ የገዛሁት

መስከረም ውስጥ ጡቴ ላይ እብጠት ተገኘና ናሙና ወስደው «ውጤቱ ከ16 ቀን በኋላ ነው» አሉኝ። ቀኑን እንደ ምንም እገፋው ነበር፤ ልጆች እሸኛለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ዓይኔ ይፈጣል። ልቤ ይመታል፣ መዳፌ በላብ ይርሳል፣ «ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» የሚለው ሐሳብ እየዞረ ይመጣብኛል። ስልኬን አንስቼ ስለ በሽታው ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ ይብስብኛል። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው «የሐኪም ቀጠሮሽን እንዳታስቀሪ፤ ሌሊት ስትነቂ ግን ስልኩን ተይና ዳዊት ድገሚ» አሉኝ።

ቤት ውስጥ ያለው የአባቴ ዳዊት ነው። አባቴ ነፍሱን ይማርና ዳዊቱን ሳይደግም ቁርስ አይቀምስም ነበር። ግን ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ግእዝ ብቻ ስለሆነም ማንበቡን እንጂ ትርጉሙን አላገኘውም። ስለዚህ አራት ኪሎ ካሉት የንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ነው። ሦስት ዓይነት ከመደርደሪያው አውርዶ ሦስቱንም አንድ ቦታ ላይ ገለጠና «እትዬ፣ መነጽርዎን አውልቀው ይሞክሯቸው፤ ሌሊት መነጽር አይፈልጉም» አለኝ። ሌሊት እንደማነብ አልነገርኩትም። እንዲህ እየፈለጉ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። መጽሐፉን በ950 ብር፣ የቆዳ ማኅደሩን ለብቻው በ400 ብር ገዛሁ።

ግእዙ በግራ፣ አማርኛው በቀኝ ነው። የአምላክ ስም በቀይ ቀለም ታትሟል። 150ውን መዝሙር ተከትለው ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን አሉ። እኔን የጠቀመኝ ግን በየገጹ አናት ላይ የቀኑ ስም መጻፉ ነው። የሰኞ ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ የረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ የሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ የዓርብ ከ111 እስከ 130፣ የቅዳሜ እስከ 150፤ እሑድ የነቢያቱና የመኃልዩ ነው። አባቴ በቃሉ ስለሚያውቀው ምልክት አያስፈልገውም ነበር። እኔ ግን 16 ቀን እንዴት ይገፋል እያልኩ ስጨነቅ፣ ገጹን ስከፍተው የዛሬውን ድርሻ ብቻ ያሳየኛል። የነገው ለነገ ነው።

አንድ ማክሰኞ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ሻማ ለኮስኩና ልጆቹ እንዳይነቁ ኩሽና ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። 54ኛው ላይ ስደርስ ዳዊት ራሱ የሞት ድንጋጤ ወደቀብኝ ይላል፤ እንደ ርግብ ክንፍ ኖሮት በርሮ ማረፍን ይመኛል። ጎልያድን የጣለው ሰው! እስከዚያች ሌሊት ድረስ መፍራቴን የእምነቴ ማነስ አድርጌ እቆጥረው፣ በፍርሃቱ ላይ ኀፍረት እጨምርበት ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሦስቴ ደገምኩት። እንባዬ ገጹ ላይ ጠብ ብሎ ቀዩ ቀለም ትንሽ ፈዟል፤ ዛሬም ይታያል። ፍርሃቱ አልጠፋም፤ ግን ብቻዬን አልነበርኩም፣ ወደ እግዚአብሔር የምለው ቃልም አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ የሰኞው 26ኛው «እግዚአብሔር ብርሃኔና መድኃኒቴ ነው፤ የሚያስፈራኝ ማን ነው?» ሲል አፌን ሞልቼ እለዋለሁ።

የዓርቡ ድርሻ ከባድ ነው። 118ኛው ብቻ 176 ቁጥር አለው፤ በአንድ መቀመጫ አልወጣሁትምና ለሁለት ከፍዬ ጠዋትና ማታ አደረግኩት።

ስለ ቁጥሩ ልንገራችሁ፣ ጎረቤቴን አስቸግሯታልና። እሷ የምትጠቀምበት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ 9ኛውና 10ኛው መዝሙር ለየብቻ ናቸው፤ በእኛ ዳዊት አንድ ናቸው። ስለዚህ እሷ 23 የምትለው የእረኛው መዝሙር እኛ ጋ 22 ነው፣ የእሷ 91 ደግሞ የእኛ 90። እሱን ካወቅን በኋላ ቡና ላይ አብረን ማንበብ ጀምረናል።

ጥርዙን ግን አልወደድኩትም። ጀርባው በሙጫ ብቻ የተያዘ ነው። በሦስተኛው ሳምንት የረቡዕ ገጾች መላቀቅ ጀመሩ፤ በ950 ብር እንዲህ መሆን አልነበረበትም። ለብዙ ዓመት በየቀኑ የሚገለጥ መጽሐፍ በክር መሰፋት አለበት። 150 ብር ከፍዬ አስጠረዝኩት። ማኅደሩ ጠንካራ ነው፤ ማንገቻው ግን ስለሚያጥር ለትከሻ አይሆንም፣ በእጅ ነው የምይዘው።

ውጤቱ ሐሙስ ቀን ደረሰ፤ ካንሰር አይደለም ተባልኩ፣ በየስድስት ወሩ መታየት አለብኝ። ተመስገን። ቀጠሮው ሲቃረብ አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምነቃባቸው ሌሊቶች አሉ፤ ዳዊቱ ራስጌዬ ነው።

ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መሐሉን ገልጣችሁ ክር መኖሩን እዩ፤ የቀኖቹ ስም በየገጹ መታተሙንም ጠይቁ፣ መጀመሪያው ላይ ብቻ ዘርዝረው የሚተዉት ኅትመቶች አሉና። ዓይኑ የደከመ ሰው እንደ እኔ መነጽሩን አውልቆ ይሞክረው።