የንስሐ ልቦለድ መቼት፦ ሐይቅ ወይስ ግሸን?

በደሉን ይዞ የሚሸሽን ሰው የማይታይ ኃይል ሲያሳድደው የሚያሳይ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ወሎ ላይ ሊጽፍ ያሰበ ደራሲ ብዙ ጊዜ በሁለት ቦታዎች፣ በሐይቅ እስጢፋኖስና በግሸን ማርያም፣ መሀል ይዋልላል።

ወጪና ድካም፦ ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። ግሸን ይርቃል፣ ዳገቱም አለ። መስከረም 21፣ በንግሥ በዓሉ ቀን፣ የሄደ ደግሞ ሕዝቡን እንጂ ጭርታውን አያገኝም።

ፍርሃት፦ ሐይቅ አፈ ታሪኩን ይዞ ይጠብቃል። የተበደለች ነፍሰ ጡር ወደ ፈጣሪ ብትጮህ ምድሩ ውሃ ሆነ፣ እሷ የተቀመጠችበት ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይባላል። በደሉም ቅጣቱም ተዘጋጅቷል፤ የሚቀረው የዛሬውን ባለዕዳ መፍጠር ነው። የግሸን ፍርሃት ሌላ ነው፦ ዙሪያው ገደል፣ ነገሥታት የሥጋ ዘመዶቻቸውን ያሰሩበት አምባ።

ስሕተት የሚበዛበት፦ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ ባለታሪኳ ሴት ከሆነች ወሳኙ ትዕይንት ከደጅ ይሁን። ግሸን ግማደ መስቀሉ ያረፈበት ነውና መንፈሱን ቤተ መቅደስ ውስጥ ማስፈንጨት አንባቢ ያስቀይማል። በሁለቱም ቦታ ንስሐን በአንድ ሌሊት መጨረስ ታሪኩን ይገድላል። የነፍስ አባት ቀኖና ይሰጣል፤ ጾሙና ስግደቱ ቀናት ይፈጃል፣ ውጥረቱም እዚያ ውስጥ ነው።

ቂመኛ መንፈስ፣ ወይም ክርስቲያኑ ከሙስሊም ጎረቤቱ ወዳጃ (የወሎ የጋራ ጸሎት) ላይ የሚቀመጥበት ታሪክ ከሆነ ሐይቅ ይመቻል። ጥቂት ሰዎች፣ አንድ ምስጢርና መሸሻ ማጣት ከሆነ ግሸን።